ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት

ሱምያ አልጋው ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ፣ የስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ፣ አራተኛውን የአልጋ እግር በጣቷ ትዳብሳለች። ከላይዋ አባቷ ባሳሉ ቁጥር ጣውላው ሲጥ ሲጥ ይላል።

“አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ፤ አይንቀሳቀሱ።” ስልኩን ስለነከሰች ቃሉ አፏ ውስጥ ተኮላተፈ።

“አልተንቀሳቀስሁም። ሳሉ ነው የሚያንቀሳቅሰኝ” አሉ ሙሀመድአወል። “ደግሞ ዛሬ ምን አለ ይኸ ሚዛንሽ?”

“ዛሬስ ዋሽቷል።”

“ሚዛን ከዋሸ ገበያው ተፈታ በይኛ!” ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳሉ አቋረጣቸው።

ከግርጌው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው፣ በባትሪ የምትሠራ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የሚዛኑ ማሳያ 71.4 ኪሎ ትላለች። ትናንት ጠዋት በዚሁ ሰዓት 69.2 ነበረች። ከትናንት ወዲያ 69.0። ሱምያ ከአልጋው ሥር ወጥታ፣ ከቀሚሷ ላይ አቧራውን እያራገፈች ቁጥሩን ደግማ አየችው። ንቅንቅ አላለም።

ዶክተር ፍሬ ስብሐት አባቷን ከሆስፒታል ያስወጡ ዕለት ቃሉን አንድ በአንድ እየቆረጡ ነበር የነገሯት። “ልባቸው ደክሟል። ልብ ሲደክም ውሃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ውሃው ደግሞ ቀድሞ የሚታወቀው በክብደት ነው። በየጠዋቱ መዝኛቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ያ ሥጋ አይደለም፤ ሥጋ በሁለት ቀን አይመጣም። ሰዓት ሳታባክኚ ይዘሻቸው ነይ።”

ለሚቆም ሰው መመዘን ቀላል ነገር ነው። ሙሀመድአወል ግን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ቆመው አያውቁም። ቆላ ድባ ገበያ ኩንታል ሽምብራ ጫንቃቸው ላይ አድርገው መኪና ላይ ይወጡ የነበሩት ሰው፣ ዛሬ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ሱምያ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምራ፣ በሙያዋ የሚቀጥራት አጥታ፣ ፔዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክና ፓወር ባንክ ትጠግናለች። አባቷ ወደ ሚዛኑ መሄድ ካልቻሉ ሚዛኑ ወደ እሳቸው ይምጣ ብላ ተነሣች።

መንገድ ዳር ሰው ከሚመዝኑ ልጆች ሁለት የተበላሹ የመስታወት ሚዛኖች ገዛች። እንደነዚህ ባሉ ሚዛኖች አራት ማዕዘን ላይ አራት ሎድ ሴል አለ፤ ጭነት ሲያርፍበት ዓይን የማያየውን ያህል የሚጎብጥ፣ መጉበጡንም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት። ከአንደኛው ሚዛን ሦስቱ ደኅና ሆነው ተገኙ። ከሁለተኛው የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። አራቱን በአራቱ የአልጋ እግሮች ሥር አስቀምጣ፣ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ገመዶቻቸውን አገናኝታ፣ ደካማውን ምልክት ከሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አጋባቻቸው። በመጀመሪያው ቀን አባቷ ሲተኙበት ክብደታቸው ከዜሮ በታች ሆነ፤ ነጩና ጥቁሩ ተቀያይረው ኖሯል። “ነፍሴ ቀድማኝ ሄዳለች ማለት ነው” ብለው ያን ዕለት ከልባቸው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም ነበር።

ያ ከሌላ ሚዛን የመጣው አራተኛው ሴል ግን ከሦስቱ ጋር አልዋደድ አለ። ቀን ፀሐይ ሲጠነክር ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ የጣና ነፋስ ሲገባ ዝቅ ያደርጋል። ባለፈው ወር ጭራሽ በአንድ ሌሊት ሦስት ኪሎ ጨመረ። ሱምያ ደንግጣ ወረታ ለሚነግደው ለታላቅ ወንድሟ ለመስዑድ ደወለች። መስዑድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አባታቸውን በብርድ ልብስ ተሸክመው፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ዕቃ አጣጥፈው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራ ጠበቁ። ያን ሁሉ ሰዓት መቆየት ስላልቻሉ ሙሀመድአወል በሰው ሁሉ ፊት ልብሳቸው ላይ ረጠቡ። ዶክተሩ ግን አይተው ደረታቸው ንጹሕ ነው፣ ውሃ የለባቸውም አሉ። ቤት ሲመለሱ ሱምያ ስታይ አራተኛው ሴል ከመቀመጫው ተንሸራቷል።

“አባባን አዋረድናቸው” አላት መስዑድ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሁለተኛ ሳታረጋግጪ እንዳትደውይልኝ። ሰማሽ? ሳታረጋግጪ!”

ሙሀመድአወል ያን ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አመሹ። ከመስዑድ ቁጣ ይልቅ አንጀቷን የቆረጣት ያ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ 71.4 ስታይ እጇ ወደ ስልክ አልሄደም። አልጋው ሥር ገባች።

ተመልሳ ተንጋለለችና አሁን ገመዶቹን አንድ በአንድ መሳብ ያዘች። የመጀመሪያው ደኅና ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የአራተኛውን ጥቁር ገመድ በጥፍሯ ነካ ስታደርገው ከላይ የአባቷ ድምፅ መጣ።

“ኧረ ቁጥሩ ይዘፍናል!”

“ያንብቡልኝ አባባ። ስንት ይላል?”

“ሰባ አራት… ስልሳ ስድስት… ደግሞ ሰባ ገባ።” ሦስቱን ቁጥሮች ለመናገር ሦስት ጊዜ ተነፈሱ።

“አሁንስ?”

“ሰባ አንድ። ቆመ።”

መብራቱን አስጠግታ አየች። ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። “አገኘሁህ!” አለች ጮክ ብላ። አባቷ ደኅና ናቸው፤ ቁጥሩን ያነሣው ይህ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። ወጥታ ለገድሉ ደወለች። ገድሉ ዩኒቨርሲቲ አብሯት የተማረ፣ አሁን እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ሚዛኑ ባስቸገራት ቁጥር የምትጠይቀው ልጅ ነው።

“ምነው በጠዋቱ? ያ ባይተዋር ሴል ነው ደግሞ?” አላት ገና ሰላም ሳትለው።

“ጥቁሩ ገመድ ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል። ስነካው ቁጥሩ ይዘላል።”

“በቃ እሱ ነዋ! ደግመሽ በይጂው። ግን ስሚኝ፣ ከበየድሽ በኋላ የድሮውን ዜሮ እንዳታምኝው፤ ሚዛኑ የሚቆጥርበት መነሻ ሊሸሽ ይችላል። አባትሽን አንሥታችሁ ባዶ አልጋውን ዜሮ አድርጊ። ከዚያ የምታውቂውን ክብደት ጫኚበትና አረጋግጪ።”

“እሺ።”

“ባዶ አልጋውን ነው ያልሁሽ።”

“ሰማሁህ፣ ገድሉ።”

መበየጃውን ሶኬት ላይ ስትሰካ ግን መብራት የለም። ጎረቤት ወጥታ ጠየቀች፤ ሰፈሩ ሁሉ የለውም። ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከግሽ ዓባይ ገበያ በኩል የመኪና ጡሩምባና የጫኝ አውራጅ ጩኸት ይሰማል።

“ሱምዬ፣ ትራስ ብትጨምሪልኝ” አሉ አባቷ።

አንድ ጨመረችላቸው። ትንሽ ቆይተው ሌላ ጠየቁ፤ ሌላም አመጣች። ትራሱን ከጀርባቸው ስታስገባ በሐሳቧ ሰባት መቶ ግራም፣ ሰባት መቶ ግራም እያለች ክብደቱን ትቀንሳለች።

“መስኮቱንም ክፈችልኝ። አየሩ አነሰኝ።”

ከፈተችው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ነፋው። “ያምዎታል እንዴ፣ አባባ?”

“አይ፣ ሳሉ ነው። ደረቴ ላይ ድመት የተኛች ይመስለኛል።” እጃቸውን ሰደው እጇን ያዙ። “ሆስፒታል ግን እንዳትወስጂኝ። ያን ለት ያየሁት ይበቃኛል። አንቺ እዚሁ ሚዛንሽን አስታርቂ።”

“አልወስድዎትም። ደኅና ነዎት እኮ፤ የተበላሸው ሚዛኑ ነው።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መብራቱ የመጣው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሱምያ መበየጃውን አግላ፣ አልጋው ሥር ገብታ፣ የቀለጠው እርሳስ ፊቷ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቷን ጠምዝዛ፣ ብየዳውን አቅልጣ ስንጥቁን ዘጋችው። ገመዱን ሳበችው፤ ቁጥሩ አልዘለለም። ብየዳው እንደ ዓሣ ዓይን ያበራል። ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራበት ዓይነት ብየዳ ነበር።

ማሳያው አሁን ስልሳ አራት ምናምን ይላል። ገድሉ እንዳለውም ዜሮው ሸሽቷል። የቀረው አባቷን ከአልጋው አንሥቶ ባዶውን ዜሮ ማድረግ ነው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የአባቷ ታላቅ እህት ሀቢባ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው የሚመጡት። ሱምያ ወደ አባቷ አየች። ሦስት ትራስ ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከንጋት ጀምሮ ሲያስሉ ቆይተው ገና አሁን ማሸለባቸው ነው። ማን ይቀሰቅሳቸዋል?

አሰበች። ትናንት ጠዋት 69.2 ነበሩ። ትናንት ብየዳው ደኅና ነበር። የሰው ክብደት በአንድ ቀን ምን ይለወጣል? ላፕቶፑን ከሚዛኑ ጋር አገናኝታ፣ አሁን አልጋው ላይ ያለው ሰው 69.2 ኪሎ ነው ብላ ጻፈችለት። ትራሶቹን እንኳ አልዘነጋችም፤ ቀንሳላቸዋለች። ማሳያው ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። 69.2።

አምስት ሊትር ውሃ የሞላ ጄሪካን አመጣችና ቀስ ብላ ከአባቷ እግር አጠገብ አኖረችው። 74.2። አነሣችው። 69.2። ደግማ አስቀመጠችው፤ 74.2። አንድ ግራም አልተዛነፈም። ሱምያ ጄሪካኑን እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከእፎይታ የተነሣ አለቀሰች።

ሚዛኑ አምስት ኪሎን ያውቃል። አልጋው ላይ ያሉትን ሰው ግን የሚያውቀው እሷ በነገረችው ልክ ብቻ ነው። ይህን ከልቧ አንድ ጥግ ታውቀው ነበር። አክስቴ ሲመጡ አንሥተናቸው በወጉ አስተካክለዋለሁ ብላ ያን ጥግ ዘጋችው። ዶክተሩ በሰጧት ደብተር ላይም በረቡዕ አንጻር 69.2 ብላ ጻፈች።

ሀቢባ በሳሕን ምሳ ይዘው ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። ወንድማቸውን ሰላም ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ገላቸውን ሊያገላብጡ ብርድ ልብሱን ገለጡ። የሙሀመድአወል እግር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

“ሱምያ፣ ነይ እስቲ። አብጦ የለም?” አውራ ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጭነው አነሡት። የጣታቸው ጉድጓድ እንዳለ ቀረ።

ሱምያ እግሩን አየች። ቀጥላ ቀና ብላ ማሳያውን አየች። “ተኝተው ስለሚውሉ ነው፣ አክስቴ። ክብደታቸው አልጨመረም።”

“እኔ እንጃ። ጣቴ ገብቶ ቀረ እኮ። ትንፋሹም…”

“ይዩት፤ ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነው። ትናንትም እሱ ነበር። ውሃ ቢሆን ሚዛኑ ይናገር ነበር። ጠዋት ተበላሽቶ አሁን ነው የሠራሁት፤ በአምስት ሊትር ውሃ ፈትኜዋለሁ።”

ሀቢባ ማንበብ አልተማሩም። ቁጥሩን ሊያናግሩት እንደሚሹት ሰው ትኩር ብለው አዩት፤ አላናገራቸውም። “እንግዲህ አንቺ የተማርሽው ታውቂያለሽ” አሉና ብርድ ልብሱን መለሱት። “እናንሣውና ወንበር ላይ ይቀመጥ ወይ?”

ያኔ ማንሣት ይቻል ነበር። ሁለት ሰው ነበሩ፤ አልጋው ለአምስት ደቂቃ ባዶ ቢሆን ይበቃ ነበር። ሱምያ የአባቷን ፊት አየች፤ ላብ አስምጦታል። “ዛሬ ደክሟቸዋል፤ ይተኙ። ነገ እናነሣቸዋለን፣ ኢንሻአላህ” አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙሀመድአወል ደኅና በሆነው እጃቸው አልጋውን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ቀና አሉ። አየር የሚውጡ ይመስል አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲያስሉ ቀላ ያለ አረፋ አገጫቸው ላይ ወረደ።

“አባባ! አባባ!”

ሊመልሱላት ሞከሩ፤ ድምፅ የላቸውም። በዓይናቸው መስኮቱን አሳዩዋት። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ባጃጅ የጠሩት፣ ተሸክመው ያወጧቸውም ጎረቤቶች ናቸው። ሱምያ ስለ መንገዱ የምታስታውሰው የአባቷ ጭንቅላት ደረቷ ላይ ማረፉን፣ ትንፋሻቸውም ውሃ ውስጥ እንደሚነፋ መቃ ይንቦጫቦጭ እንደነበር ብቻ ነው።

ዶክተር ፍሬ ስብሐት ደረታቸውን ሲያዳምጡ ፊታቸው ተለወጠ። ኦክስጅን ተደረገ፣ መርፌ ተወጋ። ከዚያ ወደ ሱምያ ዞሩ።

“ዛሬ ጠዋት ስንት ነበሩ?”

ደብተሩን ዘረጋችላቸው።

“ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት?” ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይሆንም። ሳንባቸው ሞልቷል። እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል። በስንት ትራስ ነበር የሚተኙት?”

“በአንድ። ዛሬ ግን… ሁለት አስጨመሩኝ።”

“መቼ?”

“ጠዋት።”

ዶክተሩ ከደብተሩ ቀና ብለው አዩዋት። ሊቆጡ ፈልገው የተዉት ይመስላሉ። “ያ ሚዛን ተበላሽቶብሽ ይሆናል” አሉ በመጨረሻ። “ጠዋት መጥተው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።” ዘወር ብለው ወደ አልጋው ሄዱ። ሱምያ ደብተሩን አጠፈችው። ዶክተሩ ያቀበሏትን ውሸት እሷ አልፈጠረችውም፤ አልመለሰችውምም።

መስዑድ ረቡዕ መንገዱ ስለተዘጋበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ሙሀመድአወል ያን ቀን ትንሽ ሻል ብሏቸው ነበር። የኦክስጅኑን የአፍ መሸፈኛ ዝቅ አድርገው ሱምያን ጠሯት።

“ሚዛንሽ… ታረቀ?”

“አዎ፣ አባባ። ታረቀ።”

“ጎበዝ” አሉ። “ጎበዝ ልጅ።”

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዐረፉ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበሯቸው።

ቅዳሜ ቤቱና ግቢው በለቅሶ ደራሽ ሞላ። ከወረታ፣ ከቆላ ድባ፣ ከአንበሳሜ ሳይቀር የድሮ የገበያ ወዳጆቻቸው መጡ። ሴቶቹ ሱምያን እያቀፉ “አላህ ሶብር ይስጥሽ” ይሏታል። “እንዳንቺ ያለ ልጅ ማን አለው! በአልጋው ላይ ሚዛን የሠራሽለት! ሐቁን ተወጥተሻል፤ ዱዓው አንቺ ዘንድ ነው።” ሱምያ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እያንዳንዱ ምስጋና እንደ ጥፊ ያርፍባታል። እህል ከቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሌሊት ሌሊት ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው የአባቷን ፊት ቢሆን በወደደች ነበር፤ የምታየው ግን ያን ጉድጓድ ነው፣ የሀቢባ አውራ ጣት ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተወውን።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ መስዑድ አልጋውን ለአንድ ታማሚ ጎረቤት ሊሰጥ አስቦ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሱምያ ተከተለችው። ፍራሹ ተነሥቷል። መስዑድ ተንበርክኮ በፒንሳ ገመዶቹን ሊቆርጥ ሲል አየችው።

“ይኸ ነው አባባን የገደለው” አለ፣ አራተኛውን ሴል በፒንሳው ጫፍ እየመታ። “ይኸ የዕቃ ጥርቅም።”

ሱምያ በሩ ላይ ቆመች።

“በአንቺ አልፈርድም” አለ መስዑድ፣ ሳያያት። “ልጅ ለአባቱ የሚያደርገውን አድርገሻል። ዕቃው ነው የከዳሽ። አንዴ ያለ ነገር ሲጨምር፣ አንዴ እንዳለ ሲቀመጥ። ለሰዎቹም ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው ብያቸዋለሁ። ዶክተሩም ብለዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።”

“በቃ፣ ሌላ ነገር የለም” ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሱምያ ያን ጊዜ ወንድሟን አወቀችው። “ሳታረጋግጪ እንዳትደውይልኝ” ያለው እሱ ነው፤ ከረቡዕ ጀምሮ ያን ቃል ሲያመነዥክ ከርሟል። ሚዛኑ ከዋሸ እሱም ነጻ ነው፣ እሷም ነጻ ናት። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ሊጠለሉበት የሚችሉ ጣሪያ ነበር፤ ከሥሩ መግባት ብቻ ነው የቀራት።

ከሳሎን የሀቢባ ድምፅ መጣ። ለቅሶ ልትደርስ ለመጣች ሴት ይተርካሉ።

“…በእጄ ነክቼው ነበር እኮ! ጣቴ ገብቶ ቀርቶ እያየሁ ዝም አልሁ። እኔ ማይሟ፣ እኔ ደንቆሮዋ፣ ምን ነበር ብጮህ? የገዛ ወንድሜን አፌን ዘግቼ ቀበርሁት!”

“ተይ፣ እመት ሀቢባ፤ ቀኑ ደርሶ ነው” አለች ሴትየዋ።

“ቀኑማ ቀኑ ነው። ግን እኔ አይቼ ነበር።”

መስዑድ ፒንሳውን እንደያዘ ቆመ። የሀቢባ ልቅሶ ጩኸት የለውም፤ ሰባ ዓመት ኖረው በራሳቸው ያፈሩ ሰው ልቅሶ ነበር።

ሱምያ ቀርባ ፒንሳውን ከወንድሟ እጅ ወሰደች።

“መስዑድ፣ አክስቴን ጥራልኝ።”

“ምነው? ሰው ይዘዋል እኮ።”

“ይምጡልኝ በላቸው። አንተም ተመልሰህ ና።”

“ሱምያ፣” አለ ቀስ ብሎ። ምን ልትል እንደሆነ ሳያውቅ ፈርቷል፤ ወይም ያውቃል። “ዛሬ ለቅሶ ነው። ሰው ቤት ውስጥ አለ። የሆነው ሆኗል፣ ተይው።”

“ጥራቸው።”

ሄደ። ሱምያ ብቻዋን ስትቀር ፍራሹ በተነሣበት የአልጋ ጣውላ ላይ ተቀመጠች። መስዑድ ሊጠላት ይችላል። አክስቷ ዳግም ላያዩዋት ይችላሉ። ሴቶቹ ነገ ገበያ ላይ ምን እንደሚሉ ታውቃለች። አባቷም አይመለሱም፤ ይህ ሁሉ ከተባለም በኋላ አይመለሱም።

ሀቢባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ገቡ። መስዑድ ከኋላቸው ገብቶ በሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

“ተወው፣ ክፍት ይሁን” አለችው ሱምያ። ተነሥታ አክስቷን በተቀመጠችበት ቦታ አስቀመጠቻቸውና እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?” አሉ ሀቢባ፣ ራሷን እየዳበሱ።

“አክስቴ፣” አለች፤ “ረቡዕ ዕለት እርስዎ ያዩት ልክ ነበር። ሚዛኑ ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”